ስድስት የሻይ ማንቆርቆሪያ ቆቦች

ሐሙስ ቀን ነበር፣ የገና ዋዜማ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። የከተማችን ሹም ባለቤት ሰው ሳይልኩ ራሳቸው መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። እኔ ለበዓሉ ከዩኒቨርሲቲ ከመጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

“እህትሽ አለች?” አሉኝ።

በእጄ ወደ ውስጥ አመለከትኩ። ያኔ እንዲያ ነበርኩ፤ ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ አንገቴን ደፍቼ በምልክት እመልሳለሁ።

ጉዳያቸውን ሳይቀመጡ ተናገሩ። በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሴቶች ማኅበር ኮሚቴ ሻይ ይጠጣል። እሳቸው ለስድስቱ የኮሚቴ ሴቶች የገና ስጦታ ቃል ገብተው ረስተውታል። ሻይ እንዳይበርድ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚደፋ የክር ቆብ፣ ስድስት፣ እስከ ማታ ይድረስላቸው።

“ነገ እነሱው ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህርት ይመርጣሉ” አሏት እህቴን። “ሥራሽን በእጃቸው ይዘው ካዩት፣ የቀረውን ለእኔ ተይው።”

እህቴ ያንን ቦታ ምን ያህል እንደምትፈልገው ከተማው ያውቃል። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ዘመዶቹ ካገራቸው ከቢላ ከተማ እየተመላለሱ ወንድሙ ይውረስሽ ይሏታል፤ አባታችን ደግሞ አንዱን ቀን እሺ፣ አንዱን ቀን እንጃ ይላል። ደመወዝ ያላት ሴት ግን ለራሷ አይሆንም ማለት ትችላለች። ስለዚህ እሺ አለቻቸው።

ክር የት ይገኛል? ዓረቡ ባለሱቅ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ከሄደ ሳምንቱ ነው። እህቴ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ዓይኗ የለበስኩት ቀይ ሹራብ ላይ ቆመ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የሐምሌን ብርድ ብላ ራሷ የሠራችልኝ ነው።

“ማሎ፣ ኦቦሌቲ ኮ” አለችኝ። እባክሽ እህቴ ማለቷ ነው። “ሌላ እሠራልሻለሁ።”

አወለቅሁት። እኔ እየተረተርኩ፣ የተጠማዘዘውን ክር በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ እያቃናሁ ጠቀለልኩ፤ እሷ ክሩን ደርባ በወፍራም ኪሮሽ ከጫፉ እየዞረች ሠራች። የቸኮለ ሥራ እንዲህ ነው፤ ወፍራም ክር፣ ሰፊ ዓይን፣ ጌጥ የለም። እህቴ ግራኝ ናት። ልጅ ሆና ግራ እጇን በመቀነት አስረውባት ነበር፤ ኪሮሽ ላይ ግን ማንም አላሸነፋት። ሌላ ሴት ወደ ግራ የምትዞረውን ዙር እሷ ወደ ቀኝ ትዞረዋለች። በየሰዓቱ ገደማ አንድ ቆብ አለቀ። ምሳ አልበላንም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ስድስቱን በነጠላ ቋጥሬ ወሰድኩ።

እሜቴ፣ የሹሙ ባለቤት፣ ሳሎናቸው ውስጥ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከአምቦ ከመጣች ወር አይሆናትም። ጠረጴዛው ላይ በሪባን የሚታሰሩ ስድስት ትናንሽ ካርዶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በቆንጆ ጽሕፈት የልጅቷ ስም፣ ከሥሩም “በእጄ የሠራሁት” የሚል አለ።

ማንበቤን አዩ። አልደነገጡም።

“ምን ታፈጫለሽ? ቦታው ለዚች ልጅ ነው፤ ለእህትሽ ሌላ ነገር አይጠፋም። ደሞስ ልጆችን ግራኝ ታስተምር? አገሩን በሙሉ ግራኝ ልታደርገው ነው?”

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋን ዛሬም እሰማዋለሁ።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ፦ ሁለቱም ኪሮሽ አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ቆቦቹን ገልብጠው ዙሩ ወዴት እንደሚሄድ ያዩ ነበር። ቀስ ብዬ አንዱን አነሳሁ።

“የዚህ ጫፉ አልተቋጠረም፣ እሜቴ። ይተረተራል። ጠዋት አመጣዋለሁ።”

“እንዳትረሺ” አሉኝ። ካርዱን ቀድመው አሰሩበት።

ጫፉ በደንብ ተቋጥሮ ነበር። ቤት ስደርስ ከታች ሁለት ዙር ተረተርኩና የመጨረሻዋን ዓይን ክፍቷን ተውኳት። እህቴ “ምን አሉ?” ስትለኝ “ወደዱት” አልኳት። ነግሬያት ቢሆን ታለቅስ ነበር፣ ከዚያም ለእግዜር ትተወው ነበር። እኔ ለማንም ልተወው አልፈለግሁም። ከኮሚቴው ሴቶች ወደ አንዷ በጓሮ ሄጄ በጆሮዋ መንገርም እችል ነበር፤ አሰብኩት፣ አነሰብኝ። ሰው ፊት እንዲሆን ፈለግሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሚቴው ሻይ የሚጠጣበት አዳራሽ ገባሁ። አምስቱ ቆቦች ታድለዋል፣ ልጅቷ እየተመረቀች ነው። ስድስተኛዋን የሚጠብቁት የኮሚቴው ታላቅ ነበሩ፤ ሁላችንም ሃርሜ፣ እናቴ፣ የምንላቸው፣ የከተማውን ሴት ግማሽ ኪሮሽ ያስያዙ አሮጊት። ቆቡን ከነክሩ ከነኪሮሹ ለልጅቷ ዘረጋሁላት።

“ሁለት ዙር ቀርቶታል። የጀመርሽውን እዚሁ ጨርሺላቸው” አልኳት።

“ቤት ወስጄ...” አለች።

“ሁለት ዙር ምን አላት? እስቲ እጅሽን እንየው” አሉ ሃርሜ።

ልጅቷ እሜቴን አየች፣ እሜቴ ጣሪያውን አዩ። ኪሮሹን በቀኟ እንደ ማንኪያ ጨበጠችው። ወደ ግራ ልትሄድ ስትል ቀድሞ በተሠራው ላይ ተመልሳ ወጣች። ነቀለችው። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና እዚያው። ሃርሜ ቆቡን ወስደው ገለበጡት፣ ከዚያ የጎረቤታቸውን፣ ከዚያ ሌላውን።

“ኩኖ! ይኸውላችሁ!” አሉ፣ ለሁሉም እያሳዩ። “ሁሉም ወደ ቀኝ የዞረ ነው። ይቺን እጅ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ መቀነቱንም የፈታሁላት እኔ ነኝ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ እንኳን ልትሠሪው፣ መያዙንም አታውቂም!”

አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። የልጅቷ እንባ ቆቡ ላይ ተንጠባጠበ። አላሳዘነችኝም። እንዳሳዘነችኝ አድርጌ መጻፍ እችል ነበር።

“ባለሙያዋን ጥሪልኝ” አሉኝ ሃርሜ። “ዛሬውኑ እናናግራታለን።”

እሜቴ እስከ በሩ ተከትለው ክንዴን ያዙኝ። “ልጄ፣ ስለ በዓሉ ብለሽ። ነገሩን አታባብሺው” አሉ በሹክሹክታ።

አንገቴን አልደፋሁም። “እሜቴ፣ ካርዶቹን ይልቀሙ። እህቴ ስትገባ እንዳታያቸው” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ እያጎነበሱ ሪባኑን ፈቱ። ስድስተኛውን እስኪፈቱ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ከዚያ እህቴን ልጠራ ሄድኩ።