እማዬ የፈቀደችው አንድ ዓመት

እህቴ ፈተናውን አለፈች! የጎልፍ ባለሙያነት ፈተናውን ማለቴ ነው፤ ከእንግዲህ ጎልፍ መጫወት ሥራዋ ነው፤ ደመወዝ የሚበላበት እውነተኛ ሥራ። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ደስ አለኝ።

ስልኩ የተደወለው እኔና አባባ ጓሮ ድንች ስንቆፍር ነው። አባባ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ሲያወሩ ጎረቤት ይሰማል። ያን ዕለት ግን ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ በሹክሹክታ "አለፈች" አሉ። ጭቃ በነካው እጃቸው ዓይናቸውን አበሱና "ሩጪ፣ ለእናትሽ ንገሪያት" አሉኝ።

እማዬ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። እህቴ የነርስነት ትምህርቷን አቋርጣ "ጎልፍ ልጫወት" ስትላት አንድ ዓመት ብቻ ነበር የፈቀደችላት።

"በዓመቱ ካላለፍሽ ተመልሰሽ ነጭ ጋውንሽን ትለብሻለሽ። ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ደብረ ታቦር ላይ፣ ቢያንስ እኛ ሰፈር፣ ጎልፍ የሚያውቅ የለም። እኛ የምናውቀው ገናን ነው፤ በተቆለመመ ዱላ የእንጨት ጥንግ እየመቱ ሜዳ ለሜዳ መሯሯጥ። አባባ በወጣትነታቸው የተፈሩ መቺ ነበሩ፤ እህቴን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ጎረቤት "ደግሞ ሴት ልጅ ገና ትጫወታለች?" ሲላቸው "ጥንጓ ማን እንደመታት አትጠይቅም!" ይሉ ነበር።

እህቴ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዳ አክስታችን ጋ ስትኖር፣ የጎልፍ ሜዳ አጥር ተደግፋ ስትመለከት አንድ አዛውንት አሠልጣኝ አይተዋት "ነይ፣ ሞክሪ" አሏት። መታች። ኳሷ ከዛፎቹ በላይ ከነፈች። እህቴም ዱላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ "ያዟት! ያዟት!" እያለች ተከትላት በረረች! ገና ላይ መትቶ የቆመ ሰው ይነጠቃላ። ሰው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ እሷን ያይ ጀመር።

እያለከለከች ስትመለስ አሠልጣኙ "ልጄ፣ ኳሷ ያንቺው ናት፤ ማንም አይቀማሽም። ቀስ ብለሽ ሂጂ" አሏት። ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ሞትን። ልማዱ ግን ወራት አስቸገራት፤ "እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል" ትለኝ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ እማዬ ማዋለጃ ክፍል ነበረች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ "ተንፍሺ... ቀስ ብለሽ... አሁንም ተንፍሺ" ስትል ይሰማኛል። ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ወጥታ ስታየኝ ደነገጠች።

"ምን ሆናችሁ?"

"እህቴ ፈተናውን አለፈች!"

አጠገቤ ቁጭ አለችና ቆቧን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ተናደደች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ "ደውዪላት" አለችኝ።

እህቴ ገና ስልኩን ስታነሳ ትለፈልፍ ጀመር። "እማዬ፣ የመጨረሻዋ ምት ለጉድጓዱ ቅርብ ነበረች፤ ካልገባች ግን አላልፍም ነበር። ምጥ የያዛቸውን እናቶች እንደምታስተነፍሻቸው ተነፈስኩ፣ ቀስ ብዬ። ገባች!"

"አንቺ ልጅ! እኔ ለምጥ እንጂ ለኳስ አስተምሬ አላውቅም!" አለች እማዬ፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። "በይ፣ ቃልሽን ጠብቀሻል፤ እኔም እጠብቃለሁ። ጋውኑን ለእህትሽ አስቀምጥላታለሁ።"

"እኔ ጸሐፊ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩ አስታማሚዎች ዞረው አዩኝ።

"ግን አንድ ነገር" አለች እማዬ ስልኩን አጥብቃ ይዛ። "ስትመጪ እያጨበጨብን እንድናይሽ ብቻ አይሁን። ሌሎቹም የሰፈሩ ሴት ልጆች ይምቱ።"

እንግዲህ ጥሪው የእማዬ ነው፤ እኔ አድራሽ ነኝ። እህቴ ስለምትመጣ፣ ሴት ልጆች ሁሉ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው በላይ ወዳለው የግጦሽ ሜዳ ኑ። ከጎረቤት ከተሞቹ ከሐሙሲትም ከእብናትም የምትመጡ ካላችሁ እንጠብቃችኋለን። ዱላ አባባ እየጠረቡ ነው። መምታት አለመቻል አያሳፍርም። እናቷ እምቢ ያለቻት ደግሞ እናቷንም ይዛ ትምጣ፤ እማዬ ታነጋግራታለች።