በፀሐይ ያበላሸሁት የጋሼ ውብነህ ወረቀት

ስማኝ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለቄሳችንም አልነገርኩም። የጋሼ ውብነህን ወረቀት ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ ውብነህ አቲቆት ሰፈር፣ እኛ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር የሚኖሩት። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ ፋብሪካ ሲጠርጉ ነው ጡረታ የወጡት። ግን ሰውዬው ሳይንቲስት ነበሩ፣ ይግባህ! ጎንደር ፎቶ ቤት ሲሠሩ፣ እዚያ ጦርነት በነበረበት ጊዜ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ጠፋ። ሌላው ሱቁን ዘጋ። እሳቸው ጌሾ ቀቅለው፣ የልብስ ሶዳ ጨምረው ፎቶ አጠቡ። በጌሾ! ሰው ጠላ በሚጠምቅበት! ማን አስተማራቸው? ማንም። ስንቱን ሞክረው፣ ስንቱን ደፍተው፣ ልኩን ደብተር ላይ ጻፉት።

እዚህም አልተዉትም። ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበትን ሚክላት፣ መስኮት ስለሌለው፣ ፎቶ ማጠቢያ አደረጉት። ምስሉ እንዳይጠፋ ወረቀቱን የሚነክሩበት ጨው እንኳን ከባህሩ ቀድተው ያፈሉት ነው።

እኔ ያኔ ትምህርቴን ከቤትሴፈር ያቋረጥኩ ደነዝ ነበርኩ። ሚክላት ገብቼ ሳጨስ ያዙኝ።

«አንተ፣ ሳንባህን ልታጠቁር እኔ ዘንድ መጣህ? እኔ የማጠቁረው ወረቀት ብቻ ነው፣ ውጣ!»

አብረውኝ የነበሩት ጓደኞቼ ሳቁብኝ። በዚችው ቂም ያዝኩ።

በማግስቱ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጋሼን ሥራ ሊያዩ ይመጡ ነበር። ቀድሜያቸው ሚክላቱ ገባሁ። የታሸገውን የፎቶ ወረቀት አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፣ መልሼም እንደነበረ አሸግኩት። ሳላውቅ ነው ልበል? አውቄ ነው! ብርሃን ካየው እንደሚያልቅለት ራሳቸው ቀደም ብለው ነግረውኛል።

ሰዎቹ መጡ፣ እኔም ለማየት ተከትያቸው ገባሁ። በቀይ አምፖል ሥር የመጀመሪያው ወረቀት ድፍን ጥቁር ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። አንዷ ሰዓቷን አየች። «ሎ ኖራ፣ ሳባ» አለቻቸው በዕብራይስጥ፣ ምንም አይደለም አያቴ ማለቷ ነው። ውልቅ ብለው ሄዱ።

ጋሼ እጃቸውን እያደረቁ «ልኩን ስቼዋለሁ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ተሳስቼ ይሆናል» አሉኝ። ለእኔ! ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ። ደብተራቸውን ዳግመኛ ሳይከፍቱት ሞቱ።

ልጅ ነበርኩ አልልህም፣ ይቅር በለኝም አልልህም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው አፈር ውስጥ ነው።

እናንተ የተማራችሁት ግን፣ በጌሾ ፎቶ ያጠበ ሰው ፊታችሁ ቆሞ ሲያፍር፣ «ወረቀቱን ማን ነካው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንዴት ከመሃላችሁ ጠፋ?