መንገደኛ ከኋላ አይጠራም

መጀመሪያ የሸተተኝ ግራሶ ነው። የለገሃር ባቡር ጣቢያ ታድሶ ለጎብኚ ተከፍቷል ሲሉኝ፣ እኔም እንደ ሰው ቱሪስት ልሁን ብዬ ከከተማ ዳር ካለው ኮንዶሚኒየሜ ሁለት ታክሲ ይዤ መጣሁ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ወደዚህ የሚያመጣኝ ጉዳይ የለኝም። አስጎብኚዋ ወጣት ልጅ ናት። «እማማ፣ ደረጃው እንዳያዳልጥዎት» ስትለኝ፣ ደግሞ መቼ አረጀሁ ብዬ ትንሽ ከፋኝ። ከቆመው አሮጌ ባቡር አጠገብ ስንደርስ ግን ያ የግራሶ ሽታ ተቀበለኝ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያወራችውን አንዱንም አልሰማሁም።

እናቴ አስተማሪ ነበረች። ድሬዳዋ ሲያዛውሯት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። «ቤት እንዳገኘሁ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለችኝ። እስከዚያ ካዛንቺስ፣ ታላቅ እህቷ ጋ ልቆይ ተባለ። በዚያን ጠዋት እናቴ፣ አክስቴና እኔ በእግራችን ወደ ለገሃር ወረድን። ጣቢያው በሰውና በግራሶ ሽታ ታፍኗል፤ በቅርጫት የታሰረ ዶሮ ይጮኻል፤ በረጅሙ መስኮት የገባው ፀሐይ በእናቴ ሰማያዊ ኮት ላይ አርፏል። ሳመችኝ፣ ሻንጣዋን አነሳችና ወደ ባቡሩ ሄደች።

ፊቷን አንዴ ልየው ብዬ ልጠራት አፌን ስከፍት፣ አክስቴ በመዳፏ ከደነችው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ዝም በይ። መንገደኛ ከኋላ አይጠራም፤ መንገዷ አይቀናትም።»

እናቴ ሳትዞር ገባች። የተቀመጠችው በወዲያኛው በኩል ነበር መሰለኝ፣ በመስኮት ብፈልጋት አጣኋት። ባቡሩ ጮኸና ሄደ።

ወር ሳይሞላት ወባ ገደላት፤ እዚያው ድሬዳዋ ተቀበረች። ለቅሶው ሲያልፍ አክስቴን ጠመድኳት። ልጅ አይደለሁ፣ ጠርቻት ቢሆን ኖሮ ትመለስ ነበር ብዬ አመንኩ። ስታጎርሰኝ አፌን እዘጋለሁ። እሷም አትቆጣም፤ ጉርሻውን ይዛ ትንሽ ትጠብቅና መልሳ ሰሃኑ ላይ ታስቀምጠዋለች።

ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት ቦርሳዬን አንግቤ ከግቢ ስወጣ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት?» ብዬ ዞርኩ። በሩን ተደግፋ ፊቴን ታየኛለች።

«ምንም። ሂጂ በይ።»

በማግስቱም ጠራችኝ። ከዚያ በኋላማ ልማድ ሆነ። ጎረቤታችን አንድ ቀን፣ «ምነው አንቺ፣ ልጅ መንገድ ስትጀምር ከኋላ ይጠራል እንዴ?» ብትላት፣ «የኔ ናት፤ እጠራታለሁ» ብላ ዘጋቻት። ያን ዕለት ማታ ያጎረሰችኝን ጎረስኩ። ሥራ ይዤም፣ አግብቼም፣ ልጠይቃት መጥቼ ስመለስ እስከ በሩ ትሸኘኝና ጥቂት እንደራቅሁ ትጠራኛለች። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኋት፤ እሷም ስለዚያ ጠዋት ትንፍሽ ሳትል ሞተች። ያ በር ሲፈርስ አለማየቷ አንድ ነገር ነው። እኔ አይቻለሁ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ፎቶ ለመነሳት ቀሩ። እኔ እግሬን እየጎተትኩ ወደ መውጫው አዘገምኩ። በሩን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ፣

«እማማ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

«አቤት?» ብዬ ዞርኩ። አስጎብኚዋ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዬን ነካ ነካ አደረግሁ፤ ቦርሳዬም በእጄ ነው።

«ምን ረሳሁ ልጄ?»

«ኧረ ምንም አልረሱም። በሰላም ይግቡ ልልዎት ነው።»

አክስቴ ከሞተች ወዲህ ከኋላ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ልጅቷ እንባዬን ስታይ ደንግጣ፣ «ምነው፣ አመመዎት?» እያለች ወደኔ መጣች። ፊቴን በደንብ እንድታየው ብዬ ቆምኩላት።