የሻያ አንባቢ

ገላኔ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሮቤና በጎባ መካከል ካለው ድልድይ ሥር ወርዳ ሻያ ወንዝ ዳር ትቆማለች። ውሃው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም የብረት ሰሌዳ ተተክሏል። ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አይታ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሥራው ይኸው ነው። ቀላል ነው የሚል ካለ አንድ ወር ይሞክረው። እሑድ የለው፣ ዓውደ ዓመት የለው፣ ሕመም የለው። ሲቀጥሯት «ለዚህ ክረምት ብቻ» ነበር ያሏት። እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ብቻ አይደለም፣ ሥራም ያው ነው።

ሻያ ትንሽ ወንዝ ነው። በበጋ አህያ ሆዷ ሳይረጥብ ትሻገረዋለች። ግን ወርዶ ወይብ ውስጥ ይገባል፤ ወይብ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ እዚያ ገስትሮ ይሉታል፤ ዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ይቀላቀልና ድንበሩን ተሻግሮ ሶማሊያ ሲገባ ጁባ ይሆናል። ሰው ስሙን ለማስቀየር ፍርድ ቤት ይመላለሳል፤ ይሄ ውሃ ግን ስሙን እየጣለ፣ ማንም መታወቂያ ሳይጠይቀው አገር ይለውጣል። ገላኔ ከጊኒር አልፋ አታውቅም።

ዶሎ ላይ ደግሞ አንድ ልጇ አለች። ሌንሳ ነርስ ሆና ከተመደበች ሦስት ዓመቷ ነው፣ እዚያው አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በሐምሌ መጀመሪያ እናቷ ጋ ደወለች።

«አዮ፣ አንቺ ካላረስሽኝ ማን ያርሰኛል? እዚህ ማን አለኝ?»

እናት የልጇን የመጀመሪያ አራስነት ካልያዘች ምኑን እናት ሆነች? ገላኔ በማግስቱ ሮቤ፣ የውሃ ቢሮ ሄዳ አለቃዋን ኢንጂነር ፊሊጶስን አሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ጠየቀችው። ከወላይታ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፣ ወንበር ሳይሰጥ አያናግርም።

«እትዬ ገላኔ፣ በክረምት እንዴት ልልቀቅዎት? አዲስ የተተከለውን የውሃ መለኪያ ማሽን እንኳን የምናርመው በእርስዎ ቁጥር ነው። እንደ እርስዎ የታመነ አንባቢ የለንም።»

ምስጋና ነበር። ገላኔ ግን በር ቆልፈውባት ቁልፉን የሸለሟት ያህል ተሰማት።

ተተኪ እንዳታቀርብ አንድ ጊዜ ሞክራው ነበር። ለቅሶ ስትሄድ መዝገቡን ለጎረቤቷ ለኦቦ ዲኖ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በታማኝነት ጠዋትና ማታ ወርደው አዩ፤ በቁጥሩ ቦታ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው ደህና ነው» ብለው ጻፉ። ስድስት ጊዜ። ቢሮው እስካሁን ይስቅበታል።

እንግዲህ ገላኔ በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች። መዝገቡን ዘርግታ፣ ያልመጣ የአሥራ አምስት ቀን ውሃ ጻፈች። ሻያን እንደ ገዛ ልጇ ጠባይ ታውቀዋለች፤ በዚህ ወር ስንት እንደሚሆን ለመገመት አልተቸገረችም። አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት፣ አንድ ሜትር ከሃያ፣ እያለች እስከ መጨረሻው ሞላችው። ፊርማው ላይ ስትደርስ ብዕሩን አስቀመጠች። ግን ፈረመች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ያዛት።

የገንፎ ዱቄትና ቅቤ በከረጢት አስራ ከጎባ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ እስከ ስድስት ሰዓት ቆመ። ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ ገላኔ በመስኮቱ ወደ ኋላ ዞር አለች። የሻያ ራስ ባለበት ተራራ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሥሩ ደግሞ ነጭ ነው። በረዶ። ይህን ሰማይ ሁለት ጊዜ አይታዋለች፣ በሁለቱም ጊዜ ወንዙ ሰሌዳውን ሊውጠው ደርሶ ነበር። መዝገቧ ለዛሬ ማታ የሚለው አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት ነው። ወንዙ ከሁለት ሜትር ሲያልፍ ቢሮ የምትደውለው እሷ ናት፤ ቢሮው ታች ላሉት ቀበሌዎች ይደውላል፣ ዳር ላይ የሚያርሱት ፓምፕና ከብታቸውን ያወጣሉ። ዛሬ የሚደውል የለም።

ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ስልክ ሳነቴ ላይ አይሠራም። ተሳፋሪው «እብድ ናት እንዴ?» እያለ አውቶቡሱን አስቆመች። ሹፌሩን «ልጄ፣ ይህን ከረጢት ነገሌ ላይ ለዶሎ መኪና ስጥልኝ፣ ሌንሳ ነርሷ በላቸው» አለችው። ከረጢቱ ሄደ፣ እሷ ብርዱ ላይ ቀረች። ድንች የጫነ አይሱዙ መለሳት።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሻያ ሁለት ሜትር ከሠላሳ አንድ ነበር። ደወለች። ከብት ወጣ፣ ፓምፕ ወጣ፣ ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ብዕር አንስታ የአሥራ አምስቱን ቀን ውሸት ሁሉ ሰርዛ የዛሬውን እውነተኛ ቁጥር ከጎኑ አሰፈረች። ስለ ስርዙ ማንም አልጠየቃትም፤ ፊሊጶስ ጠዋት በስልክ አመሰገናት፣ እሷም የጠዋቱን ቁጥር ነገረችው። ፈቃድ እንደገና አልጠየቀችም። ምን ብላ ትጠይቅ? ያለ እሷ እንደማይሆን ራሷ አስመስክራለች።

በስድስተኛው ቀን ማታ፣ መዝገቧን ይዛ ስትወርድ ሌንሳ ደወለች። ድምጿ ደክሟል።

«አዮ፣ ትናንት ወለድኩ። ሴት ናት።»

«እሰይ! እልልል! ገንፎውን ማን አገነፋልሽ?»

«ጎረቤቴ፣ የሶማሌ ሴት። ቅቤው ሲደርስ አንቺ ከኋላው ያለሽ መስሎኝ በሩን ሳይ ነበር።»

ገላኔ ወደ ሰሌዳው መውረዷን ቀጠለች።

«ወንዙ ዛሬ ደፍርሶ ሞላ» አለች ሌንሳ፣ ወሬ ለመለወጥ ያህል። «ቀድመው ስለነገሩን ዳር የነበሩት ወጥተዋል።»

ገላኔ በጣቷ ቆጠረች። የበረዶው ቀን ውሃ ነው። ስልኩን ዘጋችና ሰሌዳው ፊት ቆማ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ቁጥሩን አየች፣ አንድ ሜትር ከአርባ ብላ ጻፈች። ከጎኑ ማስታወሻ የሚጻፍበት ባዶ ረድፍ አለ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከ«ጎርፍ» ሌላ ምንም ጽፋበት አታውቅም። ዛሬ «ይህ ውሃ ከስድስት ቀን በኋላ ልጄ ጋ ይደርሳል፤ እኔ አልደረስኩም» ብላ ጻፈች፣ ፈረመችም። ጠዋት ለአሥራ ሁለት ሰዓት መነሳት ስላለባት ወደ ቤቷ ወጣች።