አመድ አፈር ላይ ጥድ ስንተክል

የመጀመሪያው ቀን ቫኑ ከምኖርበት ሰፈር፣ ከካስልሪጅ አነሳኝና ተራራውን አሻግሮ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አወረደኝ። ሱፐርቫይዘሩ ዳረን ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ አንድ እፍኝ አፈር መዳፌ ላይ አደረገ። «ጭመቀው» አለኝ። ደረቅ ይመስል ነበር፤ ስጨምቀው ውኃ ወጣው።

ዱሮ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ነው። እንደ ዱቄት የላመ፣ ውኃ የሚይዝ። ዊንተር ሲገባ ውኃው በረዶ ይሆንና ችግኙን ከነሥሩ ገፍቶ ያወጣዋል። መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው፣ ሞስ የሚሉት አጭር ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ካለ ግን ብርዱ ያን ያህል አይዘልቅም። ስለዚህ ሞሱን በአካፋ ገለጥ አድርጎ መትከል፣ ከዚያ ሞሱን መመለስ ነው። ይህን የነገረን ራሱ ዳረን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን «ፍጠኑ!» ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም። ሰዉም ሞሱን ገፎ፣ ተክሎ፣ በተረከዙ ረግጦ ያልፋል።

አብረውን የሚተክሉት ጋሼ ተኽለ ግን አይፈጥኑም። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛ የተማሩት አስመራ ትምህርት ቤት ነው። ጢሜ ሸብቶ ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ እዚያው ቫን ውስጥ። ተንበርክከው ይተክላሉ፤ ሞሱን መልሰው ዙሪያውን በጣታቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል።

«ጋሼ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ እንጂ፤ ሰውዬው እያየዎት ነው።»

«ይይ! ባለጌ፣ ራቁቱን ትተኸው ልትሄድ ነው? መልስ!»

እመልሳለሁ። አፋቸውን ማን ይችለዋል?

ሲዝኑ ሲያልቅ ዳረን ለብቻዬ «ተኽለ ስሎው ነው፤ ለከርሞ አልጠራውም» አለኝ። እኔ ሰው ቶሎ የምወድ አይደለሁም። ያን ዊንተር ግን ሳድል ሪጅ ሰፈር፣ ጋሼ የሚኖሩበት ልጃቸው ቤት እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። «መቼ ነው የምንወጣው ሽፌ?» ይሉኛል። «ገና በረዶ ነው» እላለሁ እንጂ ዳረን ያለውን አልነገርኳቸውም።

በረዶው ሲቀልጥ ከዳረን ጋር የተከልነውን ልናይ ወጣን። ዳገቱ ላይ ችግኙ ሥሩን ለፀሐይ ሰጥቶ ተጋድሟል። ዳረን እየተሳደበ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ። እዚያ ጥዶቹ ቆመዋል። ጎንበስ ብሎ አንዱን ሳበው፤ እምቢ አለው።

«የማን ነው?»

«የተኽለ። ጥቂቱ የኔ ነው፣ እሳቸው ሲቆጡኝ የተከልኩት።»

እጁን አራገፈና «ኮል አድርግለት» አለኝ።

«ራስህ አድርግ። አልጠራውም ያልከው አንተ ነህ።»

ሲግናል ያለበት ወርደን በስፒከር ደወለ፤ ሰኞ ቫኑ እንደሚመጣላቸው ነገራቸው። ጋሼ አመሰግናለሁ እንኳ አላሉም። «ችግኞቹ ዊንተሩን እንዴት አለፉ?» አሉት። ቀጥለው ደግሞ «የሽፌዎቹስ?»

ዳገቱ ላይ ከተጋደሙት ብዙዎቹ የኔ ነበሩ፤ ፊቴን ወደ ቫኑ አዞርኩ።

አመድ አፈር ላይ የምትሠሩ፣ ሞሱን መልሱ። ቀስ ብሎ የሚተክል ሰው ካላችሁ አታሰናብቱት።