ዛፍ ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም

የአንድን ነገር ምክንያት ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አስተማሪ ስለሆንኩ አይደለም፤ ከልጅነቴም ጠያቂ ነበርኩ። ቦንጋ ውስጥ ሱቅ በነበራቸው ወላጆቼ ቤት፣ ከመሸ ቤት መጥረግ ክልክል ነበር፤ በረከት ይወጣል ይባላል። እኔ ግን ደረስኩበት፦ ድሮ መብራት በሌለበት ዘመን በጨለማ የጠረገ ሰው የወደቀ ቀለበት ቢኖር አብሮ ጠርጎ ይጥለዋል፤ ክልክሉ የመጣው ከዚያ ነው። የተኛን ልጅ ከተራመዱት አያድግም ይባላል። እሳት መሀሉ ላይ በሚነድበት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ልጅ ተራምዶ የሚያልፍ ሰው ተደናቅፎ ቢወድቅበትስ? ይኸው ነው ምስጢሩ! እንዲህ እያልኩ አጉል እምነት ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳስረዳ የሚያህለኝ አልነበረም። አንድም ማስረጃ እንዳልነበረኝ የገባኝ ኋላ ነው።

ከዋጫ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ባል ሳገባ አዲስ ክልክል ጠበቀኝ። ባለቤቴ ዋጫ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ወላጆቹ ዘንድ እየሄደ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅል ነበር። በዚያ ቤት ዛፍ ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም። ጫካው ስሙን ከሰማ እሱም ይጠራዋል፣ ጫካ የጠራው ሰው ደግሞ አይተርፍም ይላሉ። የፈለገ ነገር ቢመጣ ሰውየው እስኪወርድ ዝም ነው። ጎረቤቶቻቸውን ብጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም አሉኝ። እናቱን ስጠይቃቸው "ድሮም እንዲሁ ነው" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ እቴ መች ልተው!

"እማማ፣ ምክንያቱማ ግልጽ ነው። ሰው ሲጠራ ዞር ስለሚል ነው እንጂ ጫካ ጆሮ የለውም።"

"እሺ ልጄ። አንቺ ብቻ እንዳትጠሪ" አሉኝ። እሺ ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

ያኔ የማስተምረው ቢታ ገነት ነበር። ባልና ሚስት ሆነን በሳምንት አንዴ ስንገናኝ ሦስት ዓመት አልፎናል፤ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ ይቀራል። አንድ ቅዳሜ የባለቤቴንና የወላጆቹን ምሳ ይዤ ወደ ጫካው ስሄድ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት መንገድ ዳር ላይ ስልኬ ጮኸ። የሥራ ባልደረባዬ ናት። "ዝውውርሽ ጸድቋል፣ ዋጫ ደርሶሻል!" አለችኝ። ምሳውን እንደታቀፍኩ ሮጥኩ።

ባለቤቴ ትልቅ ዛፍ ላይ ነበር። እናቱ ከሥር ቆመው ቀፎው የሚሳብበትን ገመድ ይዘዋል፤ አባቱ ሌላ ቀፎ ሊያመጡ ቤት ሄደዋል። ባለቤቴ ወገቡን ያሰረበትን ገመድ ፈትቶ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ሊያዛውር ነበር። እኔ ገመድም አላየሁ፣ ክልክልም ትዝ አላለኝ። ስሙን ጠርቼ "ተሳካልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ዞር አለ። ፈገግ ሲል አየሁት፤ ከዚያ እግሩ ከዳው።

በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ ከዚያ በመኪና ቦንጋ ደረስን። ጭኑና ክንዱ ተሰብሯል፤ ጭንቅላቱም ስለተመታ እስከ ማግስቱ ከሰዓት አልነቃም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ የማስበው፣ ይተርፋል ወይ፣ ከተረፈስ በወላጆቹ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ የሚለውን ብቻ ነበር። አንድ ነገር ነበር አታድርጊ ያሉኝ፤ እሱኑ አደረግኩት።

ሲነቃ አባቱ ጎንበስ ብለው "ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አሉት።

"የጠራኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ።

አባቱ ቀና አሉ። "ማን ነው የጠራው?"

ልናገር አፌን ስከፍት እናቱ ቀደሙኝ። "ማንም አልጠራውም። እዚያው ነበርኩ እኮ። ጫካው ነው።" አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ኋላ ሳህን ልናጥብ ወደ ሆስፒታሉ ቧንቧ ስንወርድ አልቻልኩም። "እማማ፣ ለምን ዋሹልኝ? እኔ ነኝ እኮ!" ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ማጠባቸውን አላቆሙም።

"እኔም ወንድሜን ጠርቼው ነበር። ልጅ ነኝ፤ ምሳ ደርሷል፣ ውረድ አልኩት። እሱ አልተረፈም። ሰው ተሰብስቦ ማን ጠራው ሲል፣ እናቴ ጫካው ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ነው በቤታችን ዛፍ ላይ ያለ ሰው የማይጠራው።" ሳህኑን አራግፈው ሰጡኝ። "ልጇን እየቀበረች ለእኔ ዋሸችልኝ።"

እኔ የሁሉ ነገር ምክንያት አዋቂ፣ ሳህኑን ተቀብዬ ማድረቅ ጀመርኩ።

ባለቤቴ ዛሬ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው፤ ዋጫ አብረን ነን። ስንቴ ልነግረው ተነስቼ ስንቴ ተውኩት። በቀደም ቤታችን የመጣ እንግዳ ምን ሆኖ እንደሚያነክስ ጠየቀው።

"ዛፍ ላይ ሆኜ ጫካው ጠራኝ።"

እንግዳው ሳቀ። "ወይ ጉድ! የጫካ ድምፅ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?"

ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆውን በእጁ አዞረ። "በጣም ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር" አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።