ያለ ስህተት የወጣው ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ ጎራ ብዬ ነበር። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቴን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ፊቷን አጨፈገገች። «ኤረር ይላል ጋሼ፤ ትንሽ ይታገሱኝ» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ኤረር ካለማ ደግ ነው ልጄ፤ አትቸኩይ» አልኋት። ሰውዬው ግፊቱ ራሱ ላይ ወጥቶበታል ሳትል አልቀረችም። ስወጣ ጎንደር ብርድ ነበረ፤ እኔ ግን የመተማን ሙቀት በጀርባዬ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ሌላ ሥራ ባጣ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ካላዛርን ለሚከታተል አንድ የጤና ቡድን መረጃ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። እናቴ «ቆላ ወርዶ በደህና የተመለሰ ማን አለ?» ብላ አልቅሳ ነው የሸኘችኝ። እውነቷን ነው፣ ያ ሙቀት ሰው ይፈትናል። ጠዋት ፉል በሰሊጥ ዘይት እንበላለን፤ ከረፋድ በኋላ ምግብ የሚባል ነገር ዓይንህ ማየት አይፈልግም፣ ቀዝቃዛ የከረከዴ መጠጥ ብቻ ነው የሚወርድልህ። ቢሮዬ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጠረጴዛና እኔ። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ወደ ሱዳን የሚሻገሩት የጭነት መኪኖች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ።

ካላዛር ክፉ በሽታ ነው። ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አረም ይወርዳሉ፤ ሲመሽ ግራር ሥር ጆንያ አንጥፈው ይተኛሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው ደቃቃ ዝንብ ደግሞ የምትኖረው እዚያው በተሰነጠቀው መረሬ አፈር ውስጥ ነው። ትኩሳቱ ወር ከወር አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው እየመነመነ ይሄዳል። በጊዜ መርፌ ካገኘ ይድናል፤ ካላገኘ ይሞታል።

በነሐሴና በጳጉሜ፣ እስከ መስከረም መጀመሪያም፣ በትራክተር ተጎታች ላይ ተጭነን ከእርሻ እርሻ እየዞርን ደም ወሰድን። ደሙም ወረቀቱም ወደ ጎንደር ተላከ፤ ውጤቱ በፍሎፒ ዲስክ መጣልን። ፍሎፒው ላይ ያለው የካርድ ቁጥርና ውጤት ብቻ ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ፣ ሰውየው የትኛው እርሻ እንዳለ የሚያውቀው የእኔ ኮምፒውተር ብቻ ነበር።

ሁለቱን ለማገናኘት ኩዌሪ አዘጋጀሁ። ለማያውቀው ላስረዳ፦ ኩዌሪ ማለት ለኮምፒውተሩ የምትጽፍለት ጥያቄ ነው። የእኔው ከመልሱ በፊት መልሶ የሚጠይቅ ዓይነት ነበር፤ ፓራሜትር የሚሉት ይህንኑ ነው። ስትከፍተው «ከመቼ?» ይልሃል፣ ቀን ትሞላለታለህ። «እስከ መቼ?» ይልሃል፣ ትሞላለታለህ። ከዚያ በዚያ መሐል ተመርምረው በሽታው የተገኘባቸውን በስም ይዘረዝርልሃል። እንዲያ ያደርጋል ብዬ ለአለቆቼ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬ ነበር።

ቀኑ መስከረም አሥራ አራት ነበር። ኮኪት አካባቢ ያሉት የጎጃም ሠራተኞች መስቀልን ቤታቸው ሊውሉ በስድስት ሰዓት በጭነት መኪና ሊሳፈሩ ነው። ከዚያ በፊት ስም ካልወጣ ታማሚው ከጤነኛው ጋር ተጭኖ ይሄዳል፤ አገር ሰፊ ነው፣ ማን ያገኘዋል? ሁለት ሰዓት ላይ ኩዌሪዬን ከፈትሁ። ማሽኑ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ተፋብኝ፤ ሲንታክስ ኤረር። የጻፍህልኝ አልገባኝም ማለቱ ነው። ኮማ ቀነስሁ። ሲንታክስ ኤረር። ቅንፍ ጨመርሁ። ሲንታክስ ኤረር። ከጎንደር ያመጣሁትን መጽሐፍ ገለጥሁ፤ የምፈልገው ገጽ ላይ ምስጥ ቀድሞኛል። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ ሁለቴም ያስተካከልሁት ሳይቀመጥ አብሮ ጠፋ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። የቡድኑ ኃላፊ በሩን ገርበብ አድርገው ያዩኛል፣ መልሰው ይዘጉታል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዴማ ወጥቼ ጠረፉን ተሻግሬ ገላባት ልጥፋ ብዬ አስቤያለሁ። አሁን ያስቀኛል፤ ያኔ የምሬን ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ግድም አንዲት ሴት ገባች። ጥሩሰው ትባላለች፤ ኮኪት አጠገብ ካለ እርሻ ለሠራተኞቹ ምግብ የምታበስል የጎጃም ሴት ናት። ታናሽ ወንድሟ አስማማው እዚያው አራሚ ነው። ነጭ ጋውን ለብሼ ባላውቅም ኮምፒውተር ፊት ስለተቀመጥሁ «ዶክተር» ትለኛለች። ወንድሟ ሲመሽ ያተኩሰዋል፤ እሱ ወባ ነው ይላል፣ እሷ አላመነችም። ከመሳፈራቸው በፊት የደሙን ውጤት ልትሰማ ከኮኪት በትራክተር መጥታለች።

«ዶክተር፣ እናት አባት የለነም፤ ያለኝ እሱ ነው» አለችኝ። «ካለበት ይዤው እቀራለሁ። ከሌለበት መስቀልን አገራችን እንውላለን። ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ተቀመጪ አልኋት። ወንበሩን እንቢ ብላ ነጠላዋን አጣጥፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ጢን ባለ ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች።

አምስት ሰዓት ሆነ። በጣቴ እየተከተልሁ መስመሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደ ዳዊት ደጋሚ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ያኔ አየሁት። ቀኑን ለሚይዘው ዓምድ ያወጣሁለት ስም ሁለት ቃል ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለት ቃል የሆነ ስም በማዕዘን ቅንፍ ታጥሮ ካልቀረበለት አይገባውም። አጠርሁለት። «ከመቼ?» አለኝ። እግዜር ይስጠው! ነሐሴ አሥራ አምስት አልሁት። «እስከ መቼ?» መስከረም አምስት። ዝርዝሩ ወረደ፣ ሰባት ስም፣ አንድም ኤረር የለም። እንባዬ መጣ። አስማማው የሚል ስም ግን የለበትም። ደግሜ አየሁ፤ የለም።

«ነፃ ነው» አልኋት። «በመሳሪያ ታይቷል፤ ምንም የለበትም።»

ጥሩሰው ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኋት። መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች። ኃላፊው ዝርዝሩን ይዘው እሷንም ከኋላ ጭነው ወደ ኮኪት በረሩ፤ ሰባቱም በየእርሻቸው ሳይሳፈሩ ተገኙ። ባልደረቦቼ ከረከዴ ጋበዙኝ። ለሁለት ሰዓት ያህል በመተማ ምድር ከእኔ በላይ አዋቂ አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተር አይናለም መጡ። ደም ስንወስድ መርፌውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ጠና ያሉ፣ ነገር የማይረሱ ሴት። የዝርዝሩን ግልባጭ አይተው ከእነ ጥሩሰው እርሻ አንድም ስም የለም ወይ አሉኝ። የለም አልኋቸው፣ ኩራቴ ገና አልበረደም።

«እዚያማ ያበጠ ጣፊያ በእጄ ዳስሻለሁ» አሉ። «ጳጉሜ ሁለት፣ ዝናቡ የደበደበን ቀን።»

ጳጉሜ ሲሉ በዚያ ሙቀት በረደኝ። የኮምፒውተሩ ዘመን አቆጣጠር የፈረንጅ ነው፤ ወሩ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። እኛ ግን የራሳችንን ቀን በቁጥር እንሞላበት ነበር፤ መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት እያልን፣ ዓመቱን ሙሉ ተቀብሎናል። አንዴ ጥቅምት ሠላሳን፣ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን የለውምና፣ እንቢ ሲለኝ ሃያ ስምንት ብዬ አታልዬው አልፌያለሁ። አሥራ ሦስተኛ ወር ስሰጠው ግን እንቢም አላለ። ቀኑንና ወሩን ገልብጦ ጳጉሜ ሁለትን ጥቅምት አሥራ ሦስት አድርጎ በዝምታ አስቀመጣት። ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለውን ስጠይቀው የዚያ ቀን ሰዎች በሙሉ አሥር ወር ወደ ኋላ ሄደው ተቀምጠዋል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። በገዛ እጄ ስሞላ ውዬ አላየሁትም።

ያንን የጥቅምት ቀን ሰጥቼ ጠየቅሁት። አራት ስም ወጣ። ሦስተኛው አስማማው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በቅጡ አላስታውስም። ሲስተር አይናለምና እኔ አላፊ መኪና ለምነን ኮኪት ደረስን። ሦስቱ ለአጨዳው ቀርተው ነበርና ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ተኝተው አገኘናቸው። አስማማውና እህቱ ሄደዋል። እስከ ሸኸዲ ተከተልን። ኬላው ላይ ያለው ሰው መኪናው ካለፈ ቆይቷል አለን። መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሲስተር ክንዴን ይዘው አስነሡኝና ለወረዳቸው ደብዳቤ እንጽፋለን አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጻፍን። መልስ አልመጣም።

ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ፣ ጥሩሰው ጥቁር ለብሳ ብቻዋን መጣች። በቅል ማር ይዛልኛለች። እንደ በፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ።

«ሆዱ ተነፋ። የአገሩ ሰው ሐኪም ቤት ውሰጅው አለኝ። እንቢ ያልሁ እኔ ነኝ። መተማ በመሳሪያ ታይቶ ነፃ ተብሏል፣ ይኸ የሰው ዓይን ነው ብዬ ጠበል ይዤው ገባሁ። ለጥምቀት አልደረሰም።» ከዚያም «እርስዎማ የሚችሉትን አደረጉ፤ ዕድሜው ነው ያለቀ» አለች፤ ማሩንም ወደ እኔ ገፋችው።

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ከፍቻለሁ ብዬ አምናለሁ። የወጣው ቃል ግን «ነፍስ ይማር» ነው። ማሩንም ተቀበልሁ። ለማንም አላቀመስሁም፣ እኔም አልቀመስሁትም፤ ጉንዳን ጨረሰው።

አሁን ጸጉሬ ሸብቷል። ወጣት ሳለህ ምን ሠራህ ሲሉኝ ቆላ ወርጄ ሰው አትርፌያለሁ እላለሁ፣ ውሸትም አይደለም፤ የዚያ ሰሞን አሥሩ ሰዎች መርፌያቸውን ጨርሰው ድነው አገራቸው ገብተዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የማሽኑ ነው እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ኖሬያለሁ። ማሽኑ ግን ለጥሩሰው ነፃ ነው አላላትም። ያልኋት እኔ ነኝ። አሁን ይህን ጽፌ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስሰጥ ልቤ የሞላ ይመስላል። ጥሩሰው ፊደል አልቆጠረችም፤ የጻፍሁት ያንን ስለማውቅ ነው።